ክቡር ሙከሚል ከነሥሩ

ነገርን ከሥሩ የሚጀምር ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። "እኛ ጋ የለም" የሚል ካለ፣ ወይ መሥሪያ ቤቱ ገና አልተከፈተም፣ ወይ ያ ሰው ራሱ ነው። መቼም ታውቁታላችሁ። "ስንት ሰዓት ነው?" ስትሉት የእጅ ሰዓቱን ማን እንደገዛለት ይነግራችኋል፤ የገዛለት አጎቱ መርካቶ መጀመሪያ ምን ይነግድ እንደነበር ይነግራችኋል፤ አጎትየው ንግድ ሳይጀምር በፊት ከማን ጋር እንደተጣላ ይነግራችኋል። ሰዓቱን ሲነግራችሁ ሌላ ሰዓት ሆኗል።

እኔ የምሠራባት ድርጅት ወልቂጤ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ከአንድ ሲሚንቶ መሸጫ በላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል የሶፍትዌር ቤት ናት። በዚህ ረገድ እግዜር አልበደላትም፤ ክቡር ሙከሚል ሸረፋን ሰጥቷታል። ትውልዳቸው ቡታጅራ ነው። ዕድሜያቸው ሠላሳን አልዘለለም፤ ክቡርነቱን የሰጠኋቸው እኔ ስለሆንኩ ግን የሚነጥቃቸው የለም። ፊት ለፊት "ሙኬ" እላቸዋለሁ። ከኋላቸው ቢሮው በሙሉ "ከነሥሩ" ይላቸዋል፤ ቀን በቀን ከአፋቸው የማትጠፋው ቃል እሷ ናትና። "ከነሥሩ ካልሆነ አልቀበልም!"

አንድ ጠዋት ደረጃውን እየወጣሁ "ሙኬ፣ መብራት አለ?" ብዬ ጠየቅኩ። "የለም" ማለት ይቻል ነበር። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አላት። ክቡርነታቸው ግን "እሱን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን" ብለው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተተከለበት ዘመን ጀመሩ። ለካ ትራንስፎርመሩ የታሰበው ለሌላ ሰፈር ነበር። ለካ ምሰሶውን የተሸከሙት ሰዎች መንገድ ላይ ተጣልተው እዚህ ጥለውት ሄደዋል። በመሃል መብራቱ መጣ። እሳቸው ገና ምሰሶውን አላቆሙም ነበር።

ሚኒባስ ውስጥ ሌላው ሰው "ወራጅ አለ" ይልና ይወርዳል። ክቡር ሙከሚል ደግሞ "ያ በፊት የአቶ ሰማን ሱቅ የነበረው፣ ከዚያ ፀጉር ቤት ሆኖ አሁን ፋርማሲ የሆነው ጋ ብታቆምልኝ" ይላሉ። ረዳቱ ፀጉር ቤቱን አስታውሶ ሳይጨርስ መኪናው ፋርማሲውን አልፎታል። መንገዱን በእግር ሲመለሱ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ቅር ብሏቸው አያውቅም።

ክትፎ ቤት አብሯቸው የገባ ሰው ትዕግሥት ይዞ ይግባ። "ቆጮው ከየት ነው?" ይላሉ። አስተናጋጇ "ከጓዳ" ትላለች። "ከጓዳ በፊትስ?" ይላሉ። ቆጮውን ያመጣችው ሴትዮ ተጠርታ ትወጣለች፤ እሷና እሳቸው የቸሃን እንሰት ከምስቃኑ እያወዳደሩ ሲያወሩ የኔ ለብለብ ይቀዘቅዛል። ለቅሶ ቤትም ያው ናቸው። አንዴ ሟች ከእሳቸው አያት ጋር በምን በኩል እንደሚገናኝ ሲተነትኑ፣ የሟች ወንድም እንባውን ጠርጎ "እንዲህ ነው እንዴ? እኔ አላውቅም ነበር" ብሎ ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋ። ያን ቀን ማን እንደሞተ ለጥቂት ጊዜ ተረስቶ ነበር።

ሳቁ፤ አልከለክላችሁም። እኔም ስስቅ ኖሬያለሁ። ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ላሳቃችሁ ብቻ አይደለም። ዘመኑ የአጭር ነው፤ አጭር መልእክት፣ አጭር ቪዲዮ፣ አጭር ሰላምታ። ነገርን ረዘም አድርጎ የሚይዝ ሰው ሁሉ እንደ ኋላ ቀር ይታያል። እኔ ደግሞ እምቢ ልል ነው የመጣሁት።

ሥራችን በአጭሩ (ይቅርታ ሙኬ) ይህ ነው። ከተለያዩ ቢሮዎች ኤክስኤምኤል በሚባል መልክ የተደራጀ መረጃ ይመጣልናል። ኤክስኤምኤል ማለት ዕቃን በሳጥን፣ ሳጥኑን በትልቅ ሳጥን ውስጥ እያስገቡ በየላዩ ስም መለጠፍ ነው። የውጪውን ሳጥን ለውስጠኛው "ወላጁ" እንለዋለን። እኔ ስታይልሺት እጽፋለሁ፤ ይህም መረጃውን ከየሳጥኑ እየመረጠ ሰው በሚያነበው መልክ የሚያሰናዳ የደንብ ስብስብ ነው። ስታይልሺት ግን ሁሉን አይችልም። ሰዓት እንደማስላት ያለ ነገር ሲገጥመው፣ ክቡር ሙከሚል ለብቻው ወደ ጻፉት ቅጥያ ኮድ ይልከዋል፤ ኮዱ አስልቶ ይመልስለታል። እኔ ላኪ፣ እሳቸው ተቀባይ ነን። ጠባችን ሁሉ ምን ይላክ በሚለው ላይ ነው።

ቁጥር ብቻ ብልክላቸው አይቀበሉም። ቁጥሩ ከነሳጥኑ፣ ሳጥኑም ከነወላጁ መድረስ አለበት። "የተቆረጠ ነገር ይደርቃል" ይላሉ። "አንቺ እንሰት ስታዛውሪ ቅጠሉን ብቻ ነው የምትተክዪው?" እንሰት አዛውሬ እንደማላውቅ ብነግራቸው፣ እሱንም ከሥሩ ሊያስረዱኝ ነው።

ሁልጊዜ ልክ ናቸው ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ለአንድ ትምህርት ቤት የውጤት ካርድ ስንሠራ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሰነዱን በሙሉ ከላይ እስከ ታች እየገለበጥኩ እንድልክላቸው አስገደዱኝ። ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ሲጮህ ዋለና ተዘጋ። ታች ያሉት ሲሚንቶ ሻጮች ወጥተው "ምን እያስፈጫችሁ ነው?" ብለው ጠየቁን። ይህች ታሪክ ትዝ ትበላችሁ፤ በኋላ ትመጣለች።

እንግዲህ የዓይን ሐኪሞቹ ዘመቻ መጣ። የሐኪሞች ቡድን ለጥቂት ቀናት ቡታጅራ ገብቶ የዓይን ሞራ ያለባቸውን ሰዎች ቀዶ ሊያክም ነው። የእኛ ሥራ ለየታካሚው የቀጠሮውን ቀንና ሰዓት በስልክ መልእክት ማድረስ ነበር። መረጃው በሁለት ጥቅል መጣ፤ አንዱ ከወረዳዎቹ፣ ሌላው ከሐኪሞቹ ቢሮ ከአዲስ አበባ።

ወረዳዎቹ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። "2:00" ካሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ያለው ቢሮ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጽፍ ያንኑ ጠዋት "8:00" ይለዋል። የማን አቆጣጠር እንደሆነ የሚናገረው ምልክት በየሰዓቱ ጎን አልተጻፈም፤ ከበላይ፣ በጥቅሉ ራስ ላይ ነው የተቀመጠው። ቁጥሩ ተቆርጦ ብቻውን ከተላከ ምልክቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለት ዓይነት ሰዓት ይዞ የሚኖር አገር ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ጣጣ የሚገጥመው የለም።

አለቃችን ቴዲ አዲስ አበባ ያደገ፣ ፈጣን፣ ልቡ ደግ ልጅ ነው። "አታካብድ" የምትለው ቃል ለክቡርነታቸው ብላ የተፈጠረች ይመስለዋል። መልእክቱ ከሰዓት በኋላ መውጣት ስላለበት፣ "ሃይሚዬ፣ ቁጥሩን ብቻ ጽሑፍ አድርገሽ ላኪለት፣ ይለቅ" አለኝ። ላክሁ። ከሙከሚል ኮድ የተመለሰው መልስ ስክሪኑ ላይ በደማቁ ወጣ፤

"የማን ልጅ እንደሆንክ ሳትነግረኝ ሰዓትህን አልቆጥርም።"

ቴዲ ተጠግቶ አነበበው። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ስሕተት ማሳወቂያ ነው" አሉ ክቡርነታቸው በኩራት። "ወላጁ ያልታወቀ ቁጥር ሲመጣለት እንዲህ ይላል። እሱን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ..."

"አትጀምር! ሙኬ በናትህ አትጀምር። ባለፈው ኮምፒውተሩን ያቃጠልክብን በዚሁ በከነሥሩህ ነው። ዛሬ ከነሥሩ የለም።"

"እንግዲያው ዛሬ ሰዓት የለም" አሉ ክቡር ሙከሚል፤ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

እንዲህ አይቻቸው አላውቅም። የሚያስረዱ ሰው ናቸው እንጂ የሚያኮርፉ ሰው አይደሉም። ቴዲ የእሳቸውን ኮድ ወደ ጎን አደረገና ራሱ አጭር ኮድ ጻፈ፤ ሁሉንም ሰዓት በፈረንጅ ቆጠረው። ለሙከራ ያወጣነው የመጀመሪያው መልእክት ወረዳው "2:00" ብሎ የቀጠረውን አንድ የምስቃን ገበሬ "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለዓይን ቀዶ ሕክምና ይቅረቡ" ይለዋል።

"ወላሂ ጥሩ ሰዓት ነው" አሉ ክቡርነታቸው። "ከጅብ ጋር ተያይዘው ይመጣሉ። የማያይ ሰው ለጅብ ምኑ ነው? ሐኪሙ ግን የሚተኛ ይመስለኛል።"

ቴዲ ሳቁን እየዋጠ አቆጣጠሩን ቀየረው፤ አሁን ሁሉም ሰዓት እንደኛ ተቆጠረ። ወረዳዎቹ ተስተካከሉ። የአዲስ አበባዎቹ ግን ጠዋት መቅረብ ሲገባቸው "ከቀኑ 8 ሰዓት" ሆነላቸው። ይህን ስነግረው ቦርሳውን አንሥቷል። "ጥቂት ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ የተመዘገበ ሰው ደግሞ አይጠፋውም፤ ግራ የገባው ይደውላል። በቃ ምሳ በልቼ ስመለስ እልከዋለሁ" ብሎ ወጣ።

እኔም ልወጣ ነበር። እርቦኛል፤ ክርክሩም ሰልችቶኛል። ኮምፒውተሩን ልዘጋ ስል ከአዲስ አበባው ጥቅል የወጡትን የሙከራ መልእክቶች ዐይኔ ገረፍ አደረጋቸው። መካከላቸው "ወይዘሮ ወይንሸት፣ እምድብር" የሚል አለ። አክስቴ ናት።

አክስቴ አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ ሄዳ ስለተመረመረች ነው ከዚያ ጥቅል የገባችው። የተማረች አይደለችም፤ ግራ ቢገባትም የምትደውል ሴት አይደለችም። መልእክቱን የሚያነብላት ጎረቤት ነው፤ ስምንት ሰዓት ካላት፣ ስምንት ሰዓት ትሄዳለች። ሐኪሞቹ ቀዶ የሚያደርጉት ጠዋት ጠዋት ነው፤ ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጣል፤ ቡድኑም ሥራውን ሲጨርስ ይሄዳል። ዓመታት ሆኗታል ፊቴን ካየች። ስመጣ በድምፄ ነው የምታውቀኝ፤ ስቀመጥ ጉንጬን እየዳበሰች "አሁንስ ከሳሽ መሰለኝ" ትላለች። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ በጣም ፈራሁ።

ስልኬን አነሣሁ። "ለአክስቴ እደውልና ጠዋት ሂጂ እላታለሁ። በቃ ያልቃል" አልኩ።

ክቡር ሙከሚል እጃቸውን እንዳጣጠፉ "ደውዪ" አሉኝ። "ለአክስትሽ አንቺ ደውዪ። ለሌሎቹ አክስቶች ማን ይደውላል?"

ከዚህ ሰው አፍ እንዲህ ያለ አጭር ነገር ሰምቼ አላውቅም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

"ሙኬ፣ እውነቱን እንነጋገር" አልኩ። "ቴዲ የፈራው መገልበጡን ነው። ሰነዱን በሙሉ እየገለበጥን ከላክን ያ ወፍጮ ተመልሶ ይመጣል። እሺ፣ ባልገለብጥስ? ባልቆርጥስ? ቁጥሩ ካለበት ቦታ ሳላነሣው፣ 'ይኸው እዚህ ቆሟል፣ ሂድና እየው' ብል ኮድህ ይቀበላል?"

ክቡርነታቸው ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ከነሥሩ ነው?"

"ከነሥሩ። ከተተከለበት አልነቀልኩትም። ወደ ወላጁ መውጣት ስትፈልግ መንገዱ ክፍት ነው።"

ያጣጠፉትን እጃቸውን ፈተው ወንበራቸውን ወደ እኔ ስክሪን ሳቡ። "ለምን እስከዛሬ እንዲህ አላልሽኝም?" አሉ። ለምን እንዳላልኩ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልግ ስለነበር ተውኩት።

የቴዲን አጭር ኮድ አውጥቼ የሙከሚልን መለስኩ። ከዚያ በስታይልሺቴ ውስጥ ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ የምትቀይረውን ቃል አጠፋሁና በቦታዋ አንዲት ነጥብ ተከልኩ። በስታይልሺት ቋንቋ ነጥብ ማለት "ይኸው፣ አሁን ያለሁበት ይህ ራሱ፣ እንደቆመ" ማለት ነው። ወፍጮው አልጮኸም። ስክሪኑም አልተቆጣም። የምስቃኑ ገበሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ አክስቴም ጠዋት ሁለት ሰዓት። ሌሎቹን እየነካካን አየናቸው፤ እያንዳንዱ በየወላጁ ሰዓት ተቆጥሯል። ሙኬ ወደ እኔ ዞሩ፣ እኔም ወደ እሳቸው ዞርኩ፤ ላክሁት።

ቴዲ ከምሳ ሲመለስ መልእክቱ ወጥቷል። ፊቱ ተለዋወጠ። አለቃ ሳይፈቅድ የወጣ መልእክት፣ ያውም ኮምፒውተር ባቃጠለ ኮድ፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እቆጣ ነበር።

"ማን ነው የነካው?"

ክቡር ሙከሚል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሱን ለመረዳት..."

"እኔ" አልኩ።

ቴዲ ወደ እኔ ዞረ። "ያለ ፈቃድ? ሃይሚ፣ ቢበላሽስ ኖሮ? ማን ሊጠየቅ ነው?"

"እኔ ነኝ የነካሁት። የሚጠየቅ ካለም እኔ ነኝ። ነገ እንደዛሬው ቁረጪው ብትለኝ ነገም እነካዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ሰምተህ አታውቅም? ይሄ የሚለቀም ነገር አይደለም፤ ዓይን ነው።"

"ሰኞ እንነጋገራለን፣ ከሁለታችሁም ጋር" አለ ቴዲ። ይምጣ ሰኞ። ሙኬ ከሥሩ ጀምረው ያስረዱታል፤ እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ከሥራ ካስወጣን ደረጃውን አብረን እንወርዳለን። ቆሜ የተሳለቅኩባቸው ሰው፣ ለማያውቋቸው አክስቶች ሲሉ ሥራቸውን አስይዘው እጃቸውን ሲያጣጥፉ አይቻለሁና፣ ማንም አጠር በይ ቢለኝ አላጥርም።

ቅዳሜ ቡታጅራ ሄድኩ። ሙኬም "አገሬ ነው፣ መንገድ ላሳይሽ" ብለው አብረውኝ ሄዱ፤ መንገዱንም ከነታሪኩ አሳዩኝ። አክስቴ በዋዜማው፣ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስሟ ሲጠራ "አለሁ!" ብላ፣ ዘመድ እጇን ይዟት ገብታ ቀዶው ተደርጎላታል። ስንደርስ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ፋሻው ከተነሣ ትንሽ ቆይቷል። ከበሩ ላይ ድምፄን ሳላሰማ ቆምኩ። ቀና አለች። ብዙ አየችኝ።

"ሃይሚ" አለች። "ከስተሻል። እውነትም ከስተሻል።"

እንዳላለቅስ ብዬ ነበር። አልሆነልኝም። እሷም አላባበለችኝም፤ አየችኝ እንጂ፣ አሁንም አየችኝ። ከዚያ ዐይኗ ከትከሻዬ ኋላ ወደቆመው ረጅም ሰው ሄደ።

"አሰላሙ... ደህና ዋሉ፣ እማማ" አለ ሙኬ። (ከዚህ ወዲያ "እርሳቸው" ማለቱን ልተወው፤ በፌዝ የሰጠሁት ማዕረግ ስለሆነ፣ እዚህ ቦታ ላይ አላምር አለኝ።) "እንኳን ደስ አለዎት። አልሐምዱሊላህ።"

"ይመስገን። አንተስ?" አለች አክስቴ። "የማን ልጅ ነህ?"

ሙኬ አፉን ከፈተና ዘጋው። እኔን አየኝ። ስንት ጊዜ እንዳቋረጥኩት፣ ስንት ጊዜ "አሳጥረው" እንዳልኩት ያን ጊዜ ፊቱ ላይ አየሁት፤ አፉ ላይ የመጣውን እንዲናገር የኔን ፈቃድ እየጠበቀ ነበር። ከግቢው ውጭ የሚኒባሱ ረዳት በሩን እየደበደበ "ወልቂጤ! ወልቂጤ! የቀረው ሁለት ቦታ ነው! እናንተ፣ ትሄዳላችሁ አትሄዱም?" ይላል። ከዚያ በኋላ ሌላ መኪና መቼ እንደሚገኝ እንጃ።

"አንሄድም! ንዳው!" ብዬ ጮኽኩበት። ሚኒባሱ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ለሙኬ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቅሁለት። "ተቀመጥ። ጠይቃሃለች እኮ፤ ከሥሩ ጀምርላት" አልኩት።

ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እሱን ለመረዳት እማማ፣ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።"

"እንሂድ ልጄ" አለች አክስቴ፤ ዐይኗን ከፊቱ ላይ ሳትነቅል።